ሁለት ዓይነት ቢጫ

ከረጢቱ የዱቄት ነው፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ፤
ከሮዶፒ ተራሮች እስከ ፕሎቭዲቭ፣ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ
ከጭኗ ሳይወርድ የነበረ።
ዝላትካ ትባላለች፤ በአገሯ ቋንቋ ስሟ ሲፈታ ወርቅ ይወጣዋል።
«ይኸን ፈትሹልኝ» አለች፤ በረዶው ገና ከጫማዋ ይንጠባጠባል።
«ባሌ ስፓስ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተብንን ውሻ ስም አልረሳም፤
የእኔን ግን ባለፈው እሁድ ፈልጎ ፈልጎ አላገኘም።
እናቴ ይኸን ቅጠል ለአባቷ አፍልታለች፤ ከገደል አፋፍ ነው የለቀምኩት፤
እኔ አምኜዋለሁ፤ መኪናችሁ ያምን እንደሆነ ልየው ብዬ አመጣሁት።»

ሁለት እፍኝ ፈጨን። በአልኮል ዘፍዝፈን በጨለማ አሳደርን።
ጠዋት በወረቀት አጠለልን፤ አልኮሉን በቀስታ አተነንን።
ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የቀረው፣ እንደ ሙጫ የሚጎተት፣ አረንጓዴም ጥቁርም፣
ሽታው የገለባም የማርም፤
ከጥፍር ቆሻሻ ብዙም የማይበልጥ ነገር።

መዳፍ የሚያህል ሳህን አለን፤ ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ያለው፤
በየጉድጓዱ ወይን ጠጅ ጠብታ፤ ጥንዱ የጎደለው፣
ካገኘው ሁሉ ኤሌክትሮን የሚነጥቅ፣ ዕረፍት የሌለው።
ሰጪ ያገኘ ቀን ብቻ ይበርዳል፤ ቀለሙንም ይለቃል።
የዝላትካን ቅጠል አቀመስነው።
ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ክዳኑን ስናነሳ፣
ቢጫ! እንደ እርድ ውሃ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ሳይሳሳ።
ተማሪዬ ቬሴሊን ዘለለ፤ እኔም ከነጓንቴ አጨበጨብኩ፤
ድምፁ እርጥብ ጨርቅ የሚመቱ ይመስላል፤ ግድ አልሰጠኝም፣ ደገምኩ።

ግን ዝገት የከለከለ ሁሉ የጠፋ ስም አይመልስም።
ሁለተኛው ፈተና ሌላ ነው፤ እንደ መጀመሪያው አይምርም።
አንጎል ውስጥ መልእክተኛ አለ፣ ከነርቭ ወደ ነርቭ የሚመላለስ፤
ኢንዛይሙ መቀስ ነው፤ ይቆርጠዋል፣ ቃሉን ገና ሳያደርስ።
መቀሱ እየቆረጠ ከሆነ፣ ውሃው ቢጫ ይሆናል፤
እጁን የሚይዝ ቅጠል ከተገኘ፣ ውሃው ውሃ ሆኖ ይቀራል።
እዚያ ምሥራች የነበረው ቀለም፣ እዚህ ሲመጣ መርዶ ነው።
ሰሙም ቢጫ፣ ወርቁም ቢጫ፤ እንዲህ ያለ ቅኔ ማን ይፍታው?

አምስት ደቂቃ።
ቢጫ።

መጠኑን እጥፍ አደረግነው። ደገምነው፣ ሠለስነው፤
አንዴ የታየ ነገር ምስክር አይሆንም።
አሥራ አንድ በመቶ። ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ አላለም።
ጎኑ የተቀመጠው ማነጻጸሪያ ግን ጠብታው አልደፈረሰም፤
እሱ በረዶ ሰንጥቆ ከሚወጣ ነጭ አበባ የተገኘ መድኃኒት ነው፤
ዝላትካ በየዓመቱ፣ በየካቲት፣ ደጃፏ ላይ ተራምዳው የምታልፈው።

ሐሙስ መጣች። ወረቀቱን አዙሬ ሁለቱን ቢጫ ላስረዳት ሞከርኩ፤
በአማርኛም የማልችለውን፣ በተሰባበረ ቡልጋርኛ ጀመርኩ።
«ቅጠልሽ ደግ ነው» አልኳት፤ «መቀሱን ግን አልያዘም።
የነጩ አበባ ክኒን አለ፤ ሐኪም ጠይቂ።» ቀና አላለችም።
«እሱን ሁለት ዓመት ውጧል» አለች።
ማቀዝቀዣው አጉረመረመ።
ቬሴሊን የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

«የተረፈውን ስጡኝ» አለች፤ «ከረጢቱንም፤ የጎረቤት ነው።
የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ፤ ስፓስ አሁን መስኮቱ ጋ ነው፤
ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም፤ ግን መንገዱን ያያል፣ ይጠብቃል።»

ሲባጎውን እኔ አሰርኩላት።
ጓንቴን አላወለቅኩም ነበር፤
ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ።